ለላሟ የተተወ ቃል

ላሟ ዳነች፤ ሳሌሃ ሞተች።

ሀጀራ ይህን ነገር ከዐሥር ዓመት በላይ በሆዷ ይዛው ኖራለች። በሆዷ ይዛው ማለት ግን ዝም ብላለች ማለት አይደለም። ለቅሶ ቤት ተናግራዋለች፣ ገበያ ላይ ተናግራዋለች፣ እንሰት ሲፋቅ ከሴቶች ጋር ቁጭ ብላ ተናግራዋለች። ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ሲሰማው እንደ ወፍጮ ድምፅ ይለምደዋል። «ሀጀራ ደግሞ ላሟን ጀመረች» ይሉና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። እሷም ይህን ታውቃለች። ታውቃለችና እየቆየች መናገሩን ተወች፤ ነገሩ ግን አልተዋትም።

መንደራቸው ከቡታጅራ ብዙም አይርቅም። እንደ አገሩ ሁሉ የመንደሩ ወንድ ኑሮው አዲስ አበባ ነው። መርካቶ ይነግዳል፣ ይሸከማል፣ የሰው ሱቅ ይጠብቃል፤ አገሩ የሚገባው ለአረፋ ነው። አረፋ ሲሆን ቤቱ ሁሉ ይሞላል፤ በሬ ይታረዳል፣ የሚዳረው ይዳራል፣ የተጣላው ይታረቃል። ተመልሶ ሊሄድ ሲል ደግሞ በቤቶቹ ፊት በተዘረጋው ሰፊ መስክ፣ ጀፎረ በሚሉት ላይ፣ በሽማግሌዎች ፊት ይቆምና ስለ ከብቱ ቃል ይተዋል። «ላሜ ብትታመም አባቴ ያውቃል፤ ብትሞትም አልጠይቀውም» ይላል። በእነ ሀጀራ መንደር ይህ የቆየ ደንብ ነው። ከብት ሲታመም ባለቤቱ ከመርካቶ እስኪመጣ አይጠብቅም። በኋላም «ያለ ፈቃዴ አስወጋህብኝ፣ አሳረድህብኝ» የሚል ጭቅጭቅ እንዳይመጣ ነው።

ስለ ሚስት ቃል የሚተው ወንድ ግን አልነበረም። ሚስት ከብት ናት እንዴ? ነውር ነው ይሉ ነበር። የሚስት ነገር የባሏ ነው፤ ባሏ ሲመጣ ይታያል።

ሳሌሃ የሀጀራ ታናሽ እህት ነበረች። እዚያው መንደር ለሙሀመድአወል ተድራ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ሆዷ ገፍቶ ሳለ የታች መንጋጋ ጥርሷን አመማት። መጀመሪያ ጉንጯ አበጠ። ቀጥሎ እብጠቱ ወደ አገጯ ሥር ወረደና እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ከዚያ አፏ አልከፈት አለ፤ ምራቋን እንኳ መዋጥ ተስኗት በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገው ጀመር። ሀጀራ «ቡታጅራ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት» ብላ ቤቱን አወከችው። የሳሌሃ ባል እናት ዘይባ ግን በሩ ላይ ቆመች።

«የጥርስ ሥርና የማሕፀን ሥር የተያያዘ ነው» አለች ዘይባ። «ጥርስ ሲነቀል ጽንስም አብሮ ይነቀላል። ልጄ በሌለበት የልጄን ልጅ አላስነቅልም። ባሏ ይምጣ።»

በርበሬ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሾፌር መልእክት ተሰጠ። ተጠበቀ። በዚያው ሰሞን የሙሀመድአወል ላም ዝናብ የመታው ባቄላ ማሳ ውስጥ ገብታ በላችና ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ። የዘይባ ባል ጊዜ አላጠፋም። አዋቂ አስጠርቶ ጎኗን በቢላ አስወጋው፤ ነፋሱ እያፏጨ ወጣ፤ ላሟ ተነሥታ ሣር ፈለገች። ባለቤቷ የት አለ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ቃል ትቶላታላ።

ሳሌሃ ባሏን ስትጠብቅ ሞተች። ሙሀመድአወል የደረሰው ከተቀበረች በኋላ ነው። ሀጀራ ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርታው አታውቅም። የዘይባን ደጃፍም አልረገጠችም። መንገድ ላይ ሲገናኙ «አሰላሙ አለይኩም» ስትባል ሰላምታ አይከለከልምና «ወአለይኩም ሰላም» ትላለች፤ ነገር ግን እንደሚዘጋ በር ነው የምትለው።

ዓመት ዓመትን ወለደ። የሀጀራ ልጅ አሚኑ አድጎ እንደ ጓደኞቹ መርካቶ ገባ፤ በአንዱ አረፋም ሰፍያን አገባ። ሰፍያ ከቡኢ በኩል የመጣች፣ ሳቋ ከራሷ ቀድሞ ቤት የሚገባ ልጅ ናት። ሀጀራ በመጀመሪያው ሳምንት ልትቆጣት ሞክራ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ቤት ነው ያለሽው እኮ፣ ድምፅሽን ቀንሺ።»

«እማ፣ እርስዎ ሲቆጡኝ ከማዶ መንደር ይሰማል፤ እኔ ስስቅ ከተሰማ ምን አለበት?»

ሀጀራ ፊቷን አዙራ ሳቀች። ከዚያ በኋላ የአማትና የምራት ነገር በሁለቱ መሀል እምብዛም አልነበረም። አሚኑ ወደ ሥራው ሲመለስ ሰፍያ ፀንሳ ነበር። እሱም እንደ ደንቡ ጀፎረው ላይ ቆሞ «ላሜ ብትታመም አባቴ ሙስተፋ ያውቃል» ብሎ ሄደ።

ሰፍያ ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ድዷ ይደማ ጀመር። ሴቶቹ «ልጅ ሲመጣ አንድ ጥርስ ይበላል፤ የሁላችንም እንዲሁ ነው» አሏት። አንዱ የመንጋጋ ጥርሷ መጠዝጠዝ ሲጀምር ግን ለማንም አልተናገረችም። ሀጀራ ይህን ኋላ ስታስበው ነው የገባት። በዚያ ቤት የሳሌሃን ጥርስ ታሪክ የማያውቅ የለም። ልጅቱ «ጥርሴን አመመኝ» ብላ በሀጀራ ፊት እንዴት አፏን ትክፈት? ቆጮውን በአንድ በኩል እያኘከች፣ ማታ ማታ በጨው ውሃ እየተጉመጠመጠች ከረመች። ሳቋም ቀነሰ። ሀጀራ እርግዝናው ከብዷት ነው ብላ አለፈችው።

አንድ ቀን ጠዋት ሀጀራ ከጓሮ ስትመለስ ሰፍያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጠምጥማ፣ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ምን ሆንሽ?»

ሰፍያ በእጇ «ምንም» የሚል ምልክት ሰጠች።

«በአፍሽ ተናገሪ እንጂ!»

ልጅቱ መናገር አልቻለችም። ሀጀራ ነጠላውን ገፈፈችው። ጉንጯ ዓይኗ ሥር ድረስ ተነፍቷል፤ ከአገጯ ሥር ያለው እብጠት ጠንክሮ ያብለጨልጫል፤ ምራቋ በከንፈሯ ጠርዝ ይወርዳል። ገላዋ እንደ ምጣድ ይግላል። ሀጀራ ይህን ፊት ከዚህ በፊት አይታዋለች።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ሀጀራ ልጅቱን ተሸክማ ትሮጣለች ብሎ ነው። ራሷም ስንት ዓመት ሙሉ «እኔ በዘይባ ቦታ ብሆን ኖሮ» ስትል የኖረች ሴት ናት። ግን አልሮጠችም። ባሏን ሙስተፋን ጠራችው። መጥቶ አየና ጢሙን ይዞ ቆመ።

«መልእክት እንላክ፤ አሚኑ ይምጣ» አለ።

«እስኪመጣስ?»

«እስኪመጣ ዱዓ እናድርግ። አንቺ ሴትዮ፣ እኔም ሳሌሃን አልረሳኋትም። ግን ጥርሷ ሲነቀል ልጁ ቢወርድስ? ለአሚኑ ምን ብለን እንነግረዋለን? ልጅህን ሳናማክርህ አጠፋነው እንላለን?»

ሀጀራ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። እሷ እንደሆነች በሰው ቤት ስትሟገት መልስ አጥታ አታውቅም። አሁን ግን ቤቱ የራሷ ነው፤ ልጁም የራሷ ነው፤ በሰፍያ ሆድ ውስጥ ያለውም የልጇ ልጅ ነው። የጥርስ ሥር ከማሕፀን ሥር ጋር ተያይዟል የሚለውን ወሬ ስትሰድበው ኖራለች፤ ዛሬ ግን «እውነት ቢሆንስ?» የሚል አንድ ትንሽ ድምፅ በጆሮዋ ገባ። የዘይባ ቦታ እንዲህ እንደሚያቃጥል ከውጭ ሆና አይታው አታውቅም ነበር።

ወሬ እግር አለው፤ ብዙም ሳይቆይ አሮጊቷ ዘይባ በትሯን ይዛ በጀፎረው መጣች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ባሏ ይምጣ ሊሉኝ ነው የመጡት?»

ዘይባ ወደ ውስጥ አንገቷን አስገብታ ሰፍያን አየቻት። ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ዞረች።

«ያኔ ፈርቼ ነበር» አለች። «ክፉ ሆኜ መስሎሽ ነው የኖርሽው። ልጄ መጥቶ «ልጄን የት አደረስሽው?» ሲለኝ እየታየኝ ነው በሩ ላይ የቆምኩት። እሱ ግን መጥቶ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «ምነው አልወሰድሽልኝም?» ነው ያለኝ።»

ሀጀራ ይህን ሰምታው አታውቅም። 

«አንቺስ?» አለች ዘይባ። «ፈራሽ እንዴ?»

«ፈራሁ።»

«እንግዲያውስ ፈርተሽ ሂጂ። ፍርሃት እስኪለቅሽ ከጠበቅሽ እንደ እኔ ታረጂያለሽ።»

ሀጀራ ብድግ አለች። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ «የአሚኑ አባት፣ የባልቻን ጋሪ ጥራልኝ» አለች። ሙስተፋ «እኔ ፈቃድ አልሰጠሁም» ሲል፣ «አልጠየቅኩህም፤ ጋሪ ነው የጠየቅኩህ» አለችው። ሙስተፋ ወጥቶ ሄደ። ፈቃድ አልሰጠም፤ ጋሪው ግን መጣ።

ባለጋሪው ባልቻ በመንገዱ ሁሉ ፈረሱን ሲሰድብ ሀጀራ ደግሞ ባልቻን ትሰድባለች። «ቀስ በል፣ ጤፍ አይደለም የጫንከው!» ትለዋለች። ወዲያው ደግሞ «ምነው አትፈጥንም፣ ፈረስህ ሊተኛ ነው እንዴ?» ትላለች። ባልቻ «እመት፣ ቀስ ልበል ወይስ ልፍጠን?» ቢላት፣ «ቀስ ብለህ ፍጠን!» አለችው። ከነጠላው ሥር ሰፍያ በአፍንጫዋ አንድ ትንሽ ድምፅ አሰማች። ሀጀራ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥሎ ልጅቱ ልትስቅ ሞክራ እንደሆነ ገባት። እጇን ያዘቻት፤ እስኪደርሱም አለቀቀቻትም።

በጤና ጣቢያው ቁስል የሚያክመው ድሬሰር ሀብተጊዮርጊስ ይባላል፤ አገሩ ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው። ሰፍያን አጎንብሶ አየ፤ የአገጯን ሥር በጣቱ ነካ፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ባሏ የታለ?»

«መርካቶ።»

«ፈቃድ የሚሰጥ ወንድ አብሯችሁ የለም?»

«ዶክተር፣ ላም ይዤ ብመጣ የበሬውን ፈቃድ ትጠይቀኝ ነበር?»

ወረፋ የሚጠብቁት ሳቁ። ሀብተጊዮርጊስ አልሳቀም። ወደ ጥግ ወሰዳትና ድምፁን ቀነሰ።

«እናቴ፣ ቀልዱን ተይው። ትኩሳቱ ከፍቷል። ልጁ ሊወርድ ይችላል። ቢወርድ ደግሞ አገሩ ሁሉ «ድሬሰሩ ጥርስ ነቅሎ ልጅ ገደለ» ነው የሚለው።»

«ጥርሱ ከማሕፀኑ ጋር የተያያዘ ነው እንዴ?» አለች ሀጀራ። 

«አይደለም። የሚያያይዘው መግሉ ነው። መግሉ ወደ ደሟ ከገባ እሷንም ልጁንም ይዞ ይሄዳል። ወደ ጉሮሮዋ ከወረደ ደግሞ አየር ይከለክላታል። እኔ ላወጣው እችላለሁ። ልጁ ይተርፋል ብዬ ግን አልምልልሽም፤ ብዙ ዘግይታችኋል።»

ሀጀራ ወደ ሰፍያ ተመለከተች። ልጅቱ ሁሉንም ሰምታለች። አፏ አይከፈት እንጂ ጆሮዋ ክፍት ነው። ሰፍያ ሀጀራን ሳይሆን ድሬሰሩን አየችና ራሷን ሁለቴ ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ነው።

«እሷ እሺ ብላለች» አለች ሀጀራ። «እኔም አብሬ እሺ ብያለሁ። የሚከስ ከመጣ ሀጀራ የሙስተፋ ሚስት በለው። ቤቴ አይጠፋም።»

ሀብተጊዮርጊስ ከአገጯ ሥር ሰንጥቆ መግሉን አወጣው። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሀጀራ የሰፍያን ራስ በጭኗ ላይ ይዛ ፊቷን አላዞረችም። ሰፍያ ፔኒሲሊን ተወጋች፤ በዚያው በጤና ጣቢያው አልጋ ተኛች። መንጋጋዋ ሲላቀቅ የበሰበሰውን ጥርስ ነቀለው። ትኩሳቷ ወረደ። የመጀመሪያው ቃሏ «ውሃ» ነበር፤ ሁለተኛው «የባልቻ ፈረስ ደረሰ ወይ?» የሚል ነው።

ልጁ ግን አልቆየም። ምጡ ያለ ወሩ መጣ። ወንድ ነበር፤ ቀኑን አልዋለም።

መንደሩ ያለውን አለ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ። «ጥርሱን ሲስቡት አብሮ ተሳበ» አሉ። ሀጀራ በአንድ በኩል ለቅሶ እየተቀመጠች፣ በሌላ በኩል ይህን ሁሉ ትሰማ ነበር። የድሬሰሩን ቃል ደግማ ልትነግራቸው አስባ ተወችው። መግል ነው፣ ዘግይተን ነው ብትል ማን ይሰማታል? ለእሷም ቢሆን አንዳንድ ጠዋት ያ ትንሽ ድምፅ ይመለስባት ነበር። ብቻ ዞር ስትል ሰፍያ በሕይወት ተቀምጣ እንሰት ስትፍቅ ታያታለች፤ ድምፁም ዝም ይላል።

አሚኑ የደረሰው ሰፍያ ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ ነው። ልጁ የተቀበረበትን አይቶ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ምነው ብትጠብቂኝ፣ እናቴ?»

«ብጠብቅህ ሁለት መቃብር ነበር የማሳይህ።»

«ልጄ ነበር።»

«የኔም የልጅ ልጅ ነበር። ግባና ሚስትህን ሰላም በላት። አንዴ እንኳ እንዴት ነሽ አላልካትም።»

ገባ። ለእናቱ ግን ሌላ ቃል ሳይተነፍስ ወደ መርካቶ ተመለሰ። ይህ ዝምታ ሀጀራን ከመንደሩ ሐሜት ሁሉ በላይ በላት። ልጇን ያጣችው መሰላት። ብታጣውስ? ብላ ራሷን ጠየቀች። እንደገና ቢሆን እንደገና ትወስዳታለች። መልሱ ሁሌም እሱ ነበር።

አረፋ መጣ። ወንዱ ገባ፤ በሬው ታረደ፤ ሰዉ ጠገበ። አሚኑ እናቱን ሰላም ብሏታል፤ ሽቶ የሚሸት ሻሽም አምጥቶላታል፤ ግን ዓይኗን አላያትም። የመሄጃው ቀን ደረሰ። መኪናው ከመንገዱ ዳር ጡሩምባውን ይነፋል። ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር ተቀመጡ፤ ወንዶቹ ተራ በተራ እየቆሙ ስለ ከብታቸው ቃል ተዉ። ሴቶቹ ከአጥሩ ሥር ሆነው ስንቅ ያስራሉ። በመንደሩ ወግ ሴት በዚያ ቦታ አትናገርም። ተከልክሎ ሳይሆን ተናግራ ስለማታውቅ ነው።

የመጨረሻው ሰው ስለ ጊደሩ ተናግሮ ሲጨርስ ሀጀራ ከአጥሩ ሥር ተነሥታ መሀል ገባች።

«ላሞቹን ጨረሳችሁ?» አለች። «እንግዲህ ሚስቶቹን እንስማ።»

አንዳንዱ ሳቀ። ሙስተፋ «ሀጀራ፣ ተቀመጪ» አላት።

«አልቀመጥም። እህቴ በሞተች ጊዜ ተቀምጬ ነበር፤ አልጠቀመኝም።»

አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «እህቴ ሀጀራ፣ የሚስት ነገር ከከብት ጋር አይቆጠርም። ክብሯ አይፈቅድም። ስለ ሰው ነፍስ አላህ ያውቃል።»

«ስለ ላሟስ አላህ አያውቅም? ያውቃል። እናንተ ግን አላህ ያውቃል ብላችሁ ዝም አላላችሁም፤ ቃል ትታችሁላታል። እኔ ክብር አልጠየቅኩም። የታመመች ሴት ባሏን ስትጠብቅ አትሙት ነው የምለው። ከዚህ የሚሄድ ሁሉ አሁን እዚሁ ቆሞ ቃሉን ይተው። ካልሆነ መኪናው ፊት ሄጄ እተኛለሁ። ታውቁኛላችሁ፤ እተኛለሁ።»

ያውቋታል። ሳቁ ቆመ። ጡሩምባው እንደገና ተነፋ፤ የተንቀሳቀሰ የለም። ሀጀራ ልጇን አየችው። አሚኑ መሬት መሬት ያያል።

ከኋላ አንድ ሰው ወጣ። ሙሀመድአወል ነበር። ጢሙ ሸብቷል። ከሳሌሃ በኋላ ሌላ ሚስት አግብቷል፤ ልጆችም አሉት።

«ባለቤቴ ብትታመም» አለና አቋርጦ እንደገና ጀመረ። «ባለቤቴ ብትታመም እኔን አትጠብቁ። ብትሞትም፣ ወስዳችኋት ብትሞትም አልጠይቅም። ይህን ያኔ ብዬው ቢሆን ኖሮ...» አልጨረሰውም። ዘይባ ከአጥሩ ሥር ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አላህ ይስጥህ፣ ሙሀመድአወል» አለች ሀጀራ።

 አሚኑ ቀስ ብሎ መጥቶ ከእናቱ ፊት ቆመ። ዓይኗን አያት።

«ሰፍያ ብትታመም እናቴ ታውቃለች» አለ።

ሀጀራ ይህን ቃል ስንት ወር ተርባው ነበር። እዚያው ላይ ብትወስደውና ብታለቅስ ደስ ባላት። ራሷን ግን ነቀነቀች።

«አይሆንም፣ ልጄ። ላሟን ሌላ ሰው የሚያውቅላት መናገር ስለማትችል ነው። ሰፍያ አፍ አላት። እኔም እፈራለሁ፣ አረጃለሁ፤ አባትህም ይፈራል። ጤና ጣቢያ እሺ ያለችው እሷ ናት፤ እኔ እጇን ነው የያዝኩት።»

አሚኑ ወደ አጥሩ ዞረ። ሰፍያ ስንቁን በእጇ ይዛ ቆማለች።

«እሺ» አለ። «ሰፍያ ብትታመም ራሷ ታውቃለች። እናቴ እጇን ትይዛታለች።»

ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ አሰበ፤ ቀጥሎ «ተሰምቷል» አለ፤ ስለ ላም ቃል ሲተው እንደሚለው ሁሉ።

ሀጀራ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። በተራው ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።

«አንተስ?» አለችው።